የት አገር ልማር? (ሐሙሲት ላይ ለተመራቂ ወጣቶች የተደረገ ንግግር)

ባለፈው ሐሙሲት ላይ ለተሰበሰቡ ተመራቂ ልጆች የተናገርኩትን "ጽፈህ ፖስት አድርገው" ያላችሁኝ ስለበዛችሁ፣ ይሄው። በፎገራም በፋርጣም፣ በእስቴም በጋይንትም ሆናችሁ ያልመጣችሁ እንደመጣችሁ ቁጠሩት። ንግግር ስለሆነ እንደ ንግግር አንብቡት፣ ሰዋስው አታርሙብኝ።

ማን እንደሆንኩ አስቀድሜ ልናገር። ዕፅዋት ሳይንስ ተመርቄያለሁ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ፣ ሥራ ግን የለኝም። እዚህ የቆምኩት ውጭ ተምሮ የመጣ ሰው ሆኜ አይደለም። ሦስት ጊዜ አመልክቼ ሦስቱንም ወድቄያለሁ። የተማረ ሰው ቢያስተምራችሁ ይሻል ነበር፣ እሱ ግን እዚያው ቀረ። ስለዚህ የወደቀውን ስሙት። የት የት ላይ ጉድጓድ እንዳለ የሚያውቀው የወደቀ ሰው ነው።

ከመጀመሬ በፊት ለአንድ ወንድማችን መልስ አለብኝ። ስለ ስኮላርሺፕ የለጠፍኩ ቀን ኮሜንት ላይ "ይሄ ገጽ ወጣቱን ማንቂያ ነው እንጂ ማሸሻ አይደለም" ብሎ ጻፈ። ንዴቱ ይገባኛል። ግን ወንድሜ፣ ልጆቹ እኮ እየሄዱ ነው። አንዱ በመተማ፣ አንዱ በጅቡቲ፣ አንዷ ዓረብ አገር። ከእኔ ጋር ከተማሩት መካከል ስልኩ ከጠፋ ዓመት ያለፈው አለ። እናቱ እኔን ባየች ቁጥር ታለቅሳለች፣ እኔም መንገድ ቀይሬ መሄድ ጀምሬያለሁ። ወጣቱ ይሂድ አይሂድ ብለን እኔና አንተ ብንከራከር የሚሰማን የለም። የሚሄደው ግን መርጦ ነው ወይስ ሌላ ሰው መርጦለት? እኔ መናገር የፈለግሁት ስለዚህ ነው።

እኔ መጀመሪያ የመረጥኩት ካናዳን ነበር። ለምን? ምክንያት የለኝም። ሁሉም ካናዳ ስለሚል ነው። እኛ ሰፈር "ውጭ" ማለት ካናዳ ሆኗል፣ አንዳንዱ ካርታ ላይ አያውቃትም። ባሕር ዳር አንድ ቢሮ ገባሁ። ስሙን አልጠራም፣ እንደሱ ያለ ብዙ ነው። ከረባት ያደረገ ልጅ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና "በሦስት ወር ቪዛ" አለኝ። የመመዝገቢያ ከፈልኩ። የከፈልኩት እኔ አይደለሁም፣ የአባቴ ሩዝ ነው። ከዚያ "የመጀመሪያው ሴሚስተር ክፍያ" የሚል መጣ። አባቴ ይህን ሲሰማ ትንሽ ዝም አለና "ልጄ፣ ጥማዱን ልሽጥልህ?" አለኝ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ አባቱ ይህን ያለው ስንት ነው? እጅ አታውጡ፣ ግን አውቃለሁ። ጥማድ ሲሸጥ የሚሸጠው በሬ ብቻ አይደለም። የመጪው ክረምት እርሻ ነው፣ የታናሽ እህታችሁ ደብተር ነው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ዳታ ስላልነበረ ማጣራትም አልቻልኩም። በዚያ ሰሞን ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር፣ መንገዱም ሲከፈት ሲዘጋ ነበር የከረመው። በኋላ ባሕር ዳር ዋይፋይ ያለበት ቦታ ደርሼ ካናዳ መንግሥት ራሱ የጻፈውን አነበብኩ። ለትምህርት ፈቃድ የሚያመለክት ሰው ባንክ እንዳለው ማሳየት ያለበት የኑሮ ገንዘብ 10,000 የካናዳ ዶላር ነበር፣ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ወደ 20,635 ከፍ አድርገውታል። ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። ይሄ ከትምህርት ክፍያው ውጭ ነው። በዚያው ዓመት የሚሰጡትን የተማሪ ፈቃድ ቁጥርም ገደቡ። ከረባት ያደረገው ልጅ ከነዚህ አንዱንም አልነገረኝም። የአባቴ ጥማድ ቢሸጥ፣ የአጎቴም ቢጨመር፣ የሰፈሩ ሁሉ በሬ ተነድቶ ቢሸጥ እዚያ አይደርስም። ብሩ ከተዳከመ ወዲህማ ጭራሽ። ቤት ሄጄ "አባዬ፣ በሬዎቹን ተዋቸው" አልኩት። የመመዝገቢያው ግን አልተመለሰም፣ ሳስበው እስከ ዛሬ ያመኛል።

አሁን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፣ የራሳችን ነው። ደብረ ታቦር ተወልዶ እንግሊዝ አገር ስለተማረ ሰው ሲወራ እኔ ቶሎ የሚመጣብኝ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 ደብረ ታቦር ተወለደ። በሚያዝያ 1868 መቅደላ ስትወድቅ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። አባቱ በራሳቸው ሽጉጥ አለፉ፣ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ አረፉ፣ ልጁን እንግሊዞች ይዘውት ሄዱ። ያስገቡት ትምህርት ቤት የት የት ነው? ቼልትንሃም፣ ራግቢ፣ በመጨረሻም የመኮንኖች ትምህርት ቤቱ ሳንድኸርስት። ዛሬ አንድ ኤጀንት እነዚህን ስሞች ቢጠራልህ ጥማድ አይደለም ርስት ታሸጣለህ። ልጁ ግን አልተመቸውም። በ18 ዓመቱ በ1879 ኅዳር ላይ ሊድስ ከተማ በሳንባ ሕመም ሞተ። ዊንዘር ነው የተቀበረው። አጽሙ ይመለስልን ተብሎ ሲጠየቅ በ2023 ቤተ መንግሥቱ አይሆንም አለ፣ የሌሎችን መቃብር ሳንነካ ማውጣት አንችልም ብለው። የመጣልን አንድ ቁራጭ ጸጉሩ ነው።

በዚያው ሰሞን ከዚያው ከመቅደላ ሌላ ሕፃን ተወስዷል። ይሄ የጎንደር ልጅ ነው፣ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። አንድ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰደው። እንደ ራግቢ ስሙ የሚያስደነግጥ ቦታ አልገባም፣ ላሆር ሕክምና ኮሌጅ ነው የገባው። ሐኪም ሆነ። ስኮትላንድ፣ ኤዲንብራ ሄዶ ትምህርቱን አጠናከረ፣ በርማ ላይም ሠራ። ከዐድዋ ድል በኋላ አገሩን ፈልጎ መጣ፣ ዘመዶቹንም አገኘ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። በአፄ ምኒልክ ጊዜ አከሙ፣ ፋሺስት ሲወረን ደግሞ ለንደን ላይ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ለአገራቸው ተሟገቱ።

ታሪክ እንደ ሒሳብ አይደለም። "ዓለማየሁን የገደለው በሽታ ነው እንጂ ትምህርት ቤቱ አይደለም" ብትሉኝ እቀበላለሁ። ሁለቱም ደግሞ አልመረጡም፣ ተወስደው ነው። እኔ የምለው ግን ይሄ ነው፦ ትልቅ ስም ያለው ቦታ የገባው አጽሙ እንኳ አልተመለሰም፣ ላሆር የገባው እጁ ላይ ሙያ ይዞ በገዛ ፈቃዱ መጣ። እኛ እነሱ ያላገኙት ዕድል አለን፣ መምረጥ እንችላለን። ታዲያ ለምንድነው ምርጫችንን ከረባት ላደረገ ልጅ የምንሰጠው?

እሺ፣ እንዴት ይመረጣል? እኔ የምጀምረው ከአገር አይደለም፣ ከችግር ነው። የሰፈርህን ችግር አስብና ያን ችግር ቀድሞ ያየው ማነው ብለህ ጠይቅ።

ሩዝን ውሰዱ። እኛ ሜዳ ላይ ሩዝ የአያቶቻችን ሰብል አይደለም፣ በደርግ ጊዜ በአምራቾች ማኅበር በኩል የገባ ነው። ገበሬው እስከ ዛሬ የሚዘራው ኤክስ ጅግና የሚባለው ዘር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከደራችን ከጅግና ነው። ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምር ማዕከል አለን። ታዲያ ሩዝ ላይ ልማር የሚል የሐሙሲት ልጅ ካናዳ ምን ያደርጋል? ሩዝ ያለው ጃፓን ነው፣ ቻይና ነው፣ ሕንድ ነው። ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋም ያለው ፊሊፒንስ ውስጥ ሎስ ባኞስ ነው። የጃፓን መንግሥት በኤምባሲው በኩል በየዓመቱ ነፃ ትምህርት ያስነግራል። የቻይና መንግሥት ስኮላርሺፕ ለማስተርስ ተማሪ በወር 3,000 ዩዋን ይሰጣል፣ መኝታም አለው።

እምቦጭንም ውሰዱ። ጣናችንን እንዴት እንዳደረገው በዓይናችን አይተናል፣ በእጃችንም ነቅለናል፣ ዘፈንም ወጥቶለታል። ይሄ አረም ከእኛ በፊት በ1990ዎቹ ቪክቶሪያ ሐይቅን ሸፍኖት ነበር። ዑጋንዳዎች እምቦጭን ብቻ የሚበሉ ጥቃቅን ጥንዚዛዎች አራብተው ለቀቁበት፣ በማሽንም አጨዱት፣ የአየሩም ጠባይ አገዛቸውና አረሙ ቀነሰ። ይህን ያዩ፣ የተሳሳቱትንም የሚያውቁ ሰዎች ካምፓላ ናቸው። ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ እዚያ ነው። "ዑጋንዳ ልማር ነው" ብትል ሰፈር ይስቅብሃል። "ካናዳ" ስትል ያጨበጭባል። ያጨበጨበው ሰው ግን የአንድ ወር ኪራይ አይከፍልልህም፣ ስለዚህ ይሳቅ። የማስተርካርድ ፋውንዴሽን ስኮላርሺፕ ማኬሬሬም ላይ ሠርቷል፣ ጋና ኩማሲም፣ ኬፕ ታውንም፣ ከዚህችው ከጎንደር ዩኒቨርሲቲም ጋር። አፍሪካ ውስጥ መማር ውጭ አገር መማር አይደለም ያለን ማነው?

ጉና ሥር ያደግሽው እህቴ፣ አንቺ ድንች ታውቂያለሽ። የድንች ሳይንስ ከፈለግሽ ኔዘርላንድስ ዋኸኒንገን የሚባል ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ግብርና ላይ በዓለም ስሙ የታወቀ ነው። ሶፍትዌር የተማራችሁ ልጆች ግን ይሄ ምክሬ ብዙም አይመለከታችሁም። የእናንተ ችግር ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ነው፣ ርካሹን ምረጡ።

ቀጥሎ ገንዘብ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ ያዙ፦ "አድሚሽን አገኘሁ" ማለት ዕድል አገኘሁ ማለት አይደለም። ክፍያ የምትከፍልበትን አድሚሽን ብዙ ቦታ ይሰጡሃል፣ ገበያ ነው። መጠየቅ ያለብህ የትምህርቱን፣ የመኝታውን፣ የምግቡንና የአውሮፕላኑን ማን ይከፍላል ብለህ ነው።

ጀርመን ነፃ ነው ሲባል ሰምታችኋል። እውነት ነው፣ አብዛኛው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ የለውም። ግን ስኮላርሺፕ ከሌለህ ለቪዛው በዝግ የባንክ ሒሳብ ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ አስቀምጥ ይሉሃል። ነፃው እንዲህ ነው። ቱርክ በመንግሥቷ ስኮላርሺፕ ትኬቱንም መኝታውንም የወር ገንዘቡንም ትሸፍናለች፣ የማመልከቻ ክፍያ የለውም። መጀመሪያ አንድ ዓመት ቋንቋቸውን ያስተምራሉ። አንዳንዱ "ዓመት ይባክናል" ይላል። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ስንት ዓመት እንደባከነብኝ ስለማውቅ አያስፈራኝም። ዕድሜ ግን ይቆጥራሉ፣ ለዲግሪ ከ21 በታች፣ ለማስተርስ ከ30 በታች። የ12ኛ ክፍል ታናሾቻችሁን ቀስቅሱ። ሃንጋሪም የመንግሥት ስኮላርሺፕ አላት፣ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ትምህርት ሞልቷል። የወር ገንዘቡ ግን ትንሽ ነው፣ ከእሱ ቆጥቦ ቤተሰብ መርዳት የሚያስብ ካለ ይተወው። አውሮፓ ኅብረት ኢራስመስ ሙንዱስ የሚለው ማስተርስ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል፣ ሁለትና ሦስት አገር እያዞረ ያስተምራል። ለእኔ ከሁሉ የሚያጓጓው እሱ ነው፣ ፉክክሩም በዚያው ልክ ነው።

አንዳንዱ ስኮላርሺፕ ደግሞ የሥራ ልምድ ይጠይቃል። የእንግሊዙ ቼቭኒንግ ሁለት ዓመት ይላል፣ ጀርመኖቹ በዳድ በኩል ለታዳጊ አገሮች የሚሰጡት ማስተርስም ሁለት ዓመት ይላል፣ ዲግሪህም ከስድስት ዓመት በላይ እንዳያረጅ ይፈልጋል። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። ሥራ የለኝም ብዬ ነው እኮ የማመለክተው! ግን ቼቭኒንግ ያለ ክፍያ የተሠራንም ሥራ ይቆጥራል። እኔ አሁን በሳምንት ሦስት ቀን የሩዝ ማሳ ላይ መረጃ በነፃ እሰበስባለሁ፣ ማኅተም ያለው ደብዳቤም ይዣለሁ። ሰፈር "በነፃ የሚሠራ ሞኝ" ይለኛል። ይበል፣ ሰዓቴን እየቆጠርኩ ነው። ቼቭኒንግ ሲጨርሱ ቢያንስ ሁለት ዓመት አገራችሁ ተመለሱ የሚል ግዴታም አለበት። ለዚያ ለኮሜንቱ ወንድማችን ይሄን ንገሩልኝ፣ ለእሱ የሚሆን ስኮላርሺፕ አግኝቻለሁ።

ስለ ኤጀንት አንድ ነገር ልጨምር። "ቆጵሮስ አውሮፓ ናት፣ ግቡና ከዚያ ትሻገራላችሁ" የሚል ወሬ በቴሌግራም እየዞረ ነው። ቆጵሮስ የአውሮፓ ኅብረት አባል ናት፣ እውነት ነው። ደሴቲቱ ግን ለሁለት የተከፈለች ናት። ሰሜኑን ክፍል ከቱርክ በቀር የሚያውቀው መንግሥት የለም፣ የኅብረቱ ሕግም እዚያ አይሠራም። ብዙው ኤጀንት የሚልከው ወደዚያ ወደ ሰሜኑ ነው። የገባ ልጅ ክፍያ ሲያቅተው መኖሪያ ፈቃዱ ይቋረጣል፣ ወደ ደቡብ በሕጋዊ መንገድ መሻገር አይችልም። ከማመልከትህ በፊት ዲግሪው እዚህ ይታወቃል ወይ ብለህ ጠይቅ፣ የመንግሥት ነው የግል ብለህ ጠይቅ። ለስኮላርሺፕ "ቦታ ማስያዣ" በግል ሒሳቡ አስገባ የሚልህን ሰው ብሎክ አድርገው፣ የአክስትህ ልጅ ቢሆንም።

ሦስቱን ጊዜ ለምን ወደቅህ ያላችሁኝ ነበራችሁ። የመጀመሪያው የማመልከቻ ቀኑ ዳታ በተዘጋበት ሳምንት ስላለፈ ነው፣ ላይ የሚደረግ ነገር አልነበረም። ሁለተኛው ኦሪጅናል ዲግሪ ስላልነበረኝ። ኮስት ሼሪንግ ሳትከፍሉ በእጃችሁ ያለው ቴምፖ ብቻ ነው፣ ኦፊሺያል ትራንስክሪፕትም አይላክላችሁም፣ አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ያለዚያ አያይህም። ይህን ማመልከቻው ሊዘጋ አሥር ቀን ሲቀረው ነው ያወቅሁት። ሦስተኛው የራሴ ጥፋት ነው። አንድ ሞቲቬሽን ሌተር ጽፌ የአገሩን ስም እየቀያየርኩ ለሁሉም ላክሁ። አንዱ ላይ መቀየር ረስቼ ለሃንጋሪ "ካናዳ መማር የልጅነት ሕልሜ ነው" ብዬ ላክሁላቸው። ሳቁ፣ እነሱም ስቀው ይሆናል። ግን እዩት፣ ስሙ ሲቀየር ምንም የማይጎድለው ደብዳቤ የጻፍኩት ለምን እዚያ እንደምሄድ ስላላወቅሁ ነው። አሁን የምጽፈው ደብዳቤ የሚጀምረው ጅግና ላይ ነው፣ የአባቴ ማሳ ላይ። ያን ደብዳቤ ካናዳ ብልከው አይሠራም። ሩዝ ላለበት ቦታ ብቻ ነው የሚሆነው።

አባቴ አሁንም አንዳንዴ "ጥማዱን ልሽጥ?" ይለኛል። አይ እለዋለሁ። ደስ ይለዋል መሰለኝ፣ በሬዎቹን ይወዳቸዋል።

አሁን ወደ ሥራ። የቱርኩ ብዙ ጊዜ ከጥር መጀመሪያ እስከ የካቲት አጋማሽ ነው የሚከፈተው፣ የሃንጋሪው ጥር ላይ ይዘጋል፣ የኢራስመስ አብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ፓስፖርት የሌላችሁ ዛሬ ጀምሩ፣ ቀን ይፈጃል። የልደት ካርድ፣ የ8ኛ፣ የ12ኛ፣ ትራንስክሪፕት፣ ስማችሁ በሁሉም ላይ በእንግሊዝኛ አንድ ዓይነት ፊደል መሆኑን እዩ። "ሐይሉ" አንዱ ላይ በአንድ "ኤል" ሌላው ላይ በሁለት "ኤል" ተጽፎ ስንት ልጅ ተመላልሷል! ኮስት ሼሪንጉን መክፈል የምትችሉ ክፈሉ፣ የማትችሉ ደግሞ ቴምፖ የሚቀበሉትን ቦታዎች እየለየን ነው፣ ዝርዝሩን እለጥፋለሁ።

በመጪው ሐሙስ ገበያ ሲበተን እዚያው ግቢ እንገናኛለን። ደብዳቤ የጻፈ ይዞ ይምጣ፣ አንዱ የሌላውን ያነባል። ያልጻፈ ወረቀትና እስክርቢቶ ይያዝ። ላፕቶፕ ያለው አምጡ፣ ያለን ሁለት ብቻ ነው፣ የአንዱ ባትሪ ደግሞ ሃያ ደቂቃ አይቆይም።